ጉንጩ የጠቆረው ቱራኮ

ጅማ ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን 3 በ1 ሜትር ባነር ታዘዘ። ሥዕሉን ያመጣው ደንበኛው ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ታትሞ በእጅ የተቀባ ነጭ ጉንጭ ቱራኮ የተባለው ወፍ ሥዕል። ዲዛይነሩ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርጎ በላዩ እየተከተለ እንደገና ሣለው፤ ቀለሙንም ከስካኑ እየቀዳ ሞላ። አረንጓዴው ላባ፣ ዓይኑን የከበበው ቀይ ቆዳ፣ ሁሉም ደህና ወጣ። ባነሩ ታትሞ፣ ቀለበት ተመትቶለት ሲጠቀለል ግን ሊወስደው የመጣው ሹፌር፣ ጅማ አቅራቢያ ካለው ከበለጠ ደን ዳር ያደገ ሰው፣ የወፉን ጉንጭ እያመለከተ ሳቀ።

«ወንድሜ፣ ጥላሸት ቀባችሁት እንዴ? ይሄ ወፍ እኮ እዚህ ጋ ነጭ ነው።»

ዲዛይነሩ ስካኑን ከፍቶ አሳየው። እዚያም ጥቁር ነው።

ሠዓሊውም አልተሳሳተም። በእንዲህ ዓይነት ሥዕሎች ላይ ነጩ አብዛኛውን ጊዜ ሳይቀባ የተተወ ወረቀት ነው። በጨለማ ቀለም መሐል ቀጭን ነጭ መስመር ሲያስፈልግ ግን ከላይ ነጭ ይቀባል፤ የዚያ ዘመን ነጭ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ነው። እርሳሱ ከከሰል ጭስና ከጋዝ መብራት የሚወጣውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲያገኝ ወደ ጥቁር የእርሳስ ሰልፋይድ ይለወጣል። በዘይት ቀለም ቢሆን ዘይቱ ይከልለው ነበር፤ የውሃ ቀለም ግን የሚይዘው ስስ ሙጫ ብቻ ስለሆነ ጋዙ በቀላሉ ይደርስበታል። የእንግሊዙ ቀለም አምራች ዊንዘር ኤንድ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1834 ለውሃ ቀለም ያወጣው የዚንክ ነጭ አይጠቁርም፤ የዚንክ ሰልፋይድ ራሱ ነጭ ነውና።

ለመለየት 10 ጊዜ የሚያጎላ ሌንስና የእጅ ባትሪ ይበቃሉ። ባትሪውን ከጎን አጋድሞ ማብራት ነው። የጠቆረ እርሳስ ከወረቀቱ በላይ ወፈር ብሎ፣ የታተመውን መስመር ሸፍኖ ይቀመጣል፤ አንዳንዴም እንደ ብረት ያብለጨልጫል። ለጥላ የተቀባ ስስ ጥቁር ግን ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ፣ ሳያንጸባርቅ ይታያል። ከሁሉ የሚሻለው የዚያኑ ሥዕል ሌላ ቅጂ ፈልጎ ማስተያየት ነው፤ እያንዳንዱ ቅጂ ለብቻው የተቀባና በየቤቱ የኖረ ስለሆነ ጥቁረቱ እኩል አይሆንም። እዚህ ግን ሌንስም ባላስፈለገ፤ ከሥዕሉ ግርጌ ያለው ስም በቂ ነበር። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ለወፉ ያወጣለት «ሌውኮቲስ» የሚለው ስም ነጭ ጆሮ ማለት ነው።

ዲዛይነሩ መጀመሪያ ያሰበው ዋናውን ሥዕል በእርጥብ ሶፍት መጥረግ ነበር። ደግነቱ ደንበኛው ከለከለው። ሙጫው በውሃ ስለሚሟሟ አረንጓዴው ጭምር ይነሳ ነበር። መፋቅም አይሆንም፤ ብናኙ የእርሳስ መርዝ ነው። የወረቀት ጥገና ባለሙያዎች በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጥቁሩን ወደ ነጭ የእርሳስ ሰልፌት ይመልሱታል፤ ግን ይህ የማተሚያ ቤት ሥራ አይደለም። እርማቱ የተሠራው ኮምፒውተር ላይ ነው፦ ስካኑ ሳይነካ በሌላ ሌየር (ተደራቢ ገጽ) ላይ ከዓይኑ ፊት ያለው ነጥብና በአንገቱ ጎን የሚወርደው መስመር ነጭ ሆኑ። ድፍን ነጭ ከአሮጌው ወረቀት ጋር ስለሚጣላ ቀለሙ ባዶ ከሆነው የወረቀቱ ዳር ተቀዳ።

የመጀመሪያውን ባነር ሹፌሩ ለቡና ማስጫ ጠይቆ ነበር። የሶልቨንት ቀለሙ ሽታ ቡናው ላይ ይቀራል ተብሎ ተከለከለ፤ ባነሩም የጄኔሬተር ሽፋን ሆነ።