ሞዴሌ ኮርጆ ነበር

ባለፈው «ሎጂትን በኤክስጂቡስት ዘረርኩት» ብዬ የፎከርኩትን ታስታውሳላችሁ? ፉከራዬን ልመልስ ነው የመጣሁት።

ለአዲሶች፦ ተጓዥ ከባቡርና ከመኪና የቱን እንደሚመርጥ ኮምፒውተር እንዲገምት ማስተማር ነው ሥራው። ሎጂት ለዚህ የሚያገለግል የቆየ የስታቲስቲክስ ቀመር ነው፤ ኤክስጂቡስት ደግሞ ብዙ የውሳኔ ዛፎችን (የ«ከሆነ፣ ካልሆነ» ጥያቄ ሰንሰለቶችን) ደራርቦ የሚገምት ዘዴ።

የተለማመድኩት በስዊስሜትሮ ዳታ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ሰዎች ከባቡር፣ ከመኪናና ገና በሐሳብ ካለ የምድር ውስጥ ፈጣን ባቡር እንዲመርጡ ተጠየቁ። (ፈጣኑ ባቡር ሳይሠራ ቀረ። ዳታው ግን የተማሪ መለማመጃ ሆነ።) 10,728 መስመር አለው። 80 በመቶውን ለማስተማሪያ፣ 20 በመቶውን ለፈተና ብዬ በዕጣ ከፈልኩት። ውጤቱን ሳይ ጮቤ ረገጥኩ።

ለካ የተጠየቀው 10,728 ሰው አይደለም! እያንዳንዱ ሰው 9 ጊዜ ነው የመለሰው። በዕጣ ስከፍለው የአንዱ ሰው ሰባት መልስ ማስተማሪያው ውስጥ፣ ሁለቱ ፈተናው ውስጥ ይገባል። ዕድሜው፣ ገቢው፣ መነሻና መድረሻው ግን ያው ነው። ሞዴሉ ምርጫን ከመማር ይልቅ ሰውየውን ለየው። መልሱን አይቶ ፈተና የገባ ተማሪ በሉት። እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ የኤክስጂቡስትን ዛፎች ብዛትና ጥልቀት ስነካካ ከረምኩ። የነቃሁት የመለያ ቁጥሩ ዓምድ ላይ አንድ ቁጥር ሲደጋገም አይቼ ነው። አንድ ሰው ከነ9 መልሱ ወይ ማስተማሪያው ወይ ፈተናው ውስጥ ብቻ እንዲገባ ግሩፕ ኬፎልድ በሚባለው አከፋፈል ከፈልኩት። አብዛኛው ብልጫዬ ተነነ።

የባሰው ደግሞ፣ የመኪናውን ወጪ ብቻ እየጨመርኩ ስሞክረው አንድ ቦታ ላይ ሲወደድ ጭራሽ የመመረጥ ዕድሉ ከፍ አለ። ይሄ ምን ይባላል? ሎጂት ቢያንስ የወጪው ቁጥር ኔጋቲቭ መሆኑን፣ ማለትም ሲወደድ የመመረጥ ዕድሉ እንደሚቀንስ፣ ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል። ኢኮኖሚስቱ ማክፋደን በሎጂት የሳን ፍራንሲስኮው ባርት ባቡር ድርሻ 6.3 በመቶ ይሆናል ብሎ ገምቶ፣ ሲከፈት 6.2 በመቶ ሆነ። ስለዚህ መጀመሪያ ሎጂቱን በደንብ ሥሩ እላለሁ። እኔ በአንድ ከሰዓት አጣድፌ የሠራሁት እንዲሸነፍልኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አሁን የአዲስ አበባን ልሞክር ብዬ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ የምቆምበትን ደቂቃ በደብተር መያዝ ጀምሬያለሁ። 31 መስመር ደርሷል። ሁሉም ግን ያው እኔው ነኝ።