የሐጂ የዱቤ ደብተር

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደሴ ሸዋ በር፣ የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ለቅሶ ተቀምጠን ዋልን። ድንኳኑን የተከለው የሰፈሩ ቅሬ፣ እድሩ ማለት ነው። ቡና ከሚያድሉት እናቶች ግማሾቹ ማተብ ያሰሩ ናቸው፤ ደሴ ነውና ልብ ያለውም የለ። ሐጂ ከአባታቸው የተረከቡትን የጨርቅ ሱቅ ለልጆቻቸው አስረክበው ነው የሄዱት። ትልቋ ልጃቸው የዱቤ ደብተሩን አሳየችኝ። በ2014 ጦርነት ሱቁ ባዶውን ከቀረ በኋላ ዕዳውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘውታል፤ የባለዕዳዎቹን ስም ደግሞ ጨርሶ እንዳይነበብ አድርገው። ለእኔ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ በለጠብኝ። መስከረም በጠባ ቁጥር ወላጅ የሌላቸው ልጆች ለዩኒፎርም ይለኩ ነበር፤ ሐጂ ከጣቃው ራሳቸው እየቀደዱ "ያድጋል እኮ፣ ረዘም አድርጊው!" እያሉ ልብስ ሰፊዋን ሲነዘንዟት ይውሉ ነበር። አላህ ጀነተል ፊርዶስን ይወፍቃቸው።