ዓይናችንን ሳንጨፍን የጸለይነው ጸሎት

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ይህን ምስክርነት ከመጻፌ በፊት ወንድሜን አስፈቅጄዋለሁ። «ስሜን ብቻ አትጥሪ፤ ሌላውን ሁሉ ንገሪያቸው» ብሎኛል። ስለዚህ «ታናሽ ወንድሜ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሦስት ዓመቱ ላይ ማጅራት ገትር ያዘው። ነፍሱ ተረፈች፤ መስማቱ ግን አልተመለሰም። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሆስፒታል የመጣ ዕለት ከኋላው ቆሜ በስሙ ጠራሁት። አልዞረም። ደግሜ ጠራሁት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ልጠራው ስል «ተዪው» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤታችን ጸሎት አንድ ሆነ፦ «ጌታ ሆይ፣ ጆሮውን ክፈትለት።» ጾምን፤ አለቀስን። በሕይወቴ እንደዚህች ጸሎት የደጋገምኩት ነገር የለም።

ስለ እሱ ይህን ያህል ስንጸልይ ከእሱ ጋር ግን አናወራም ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። «በእጅ አታናግሩት፤ ምልክት ከለመደ መናገር እምቢ ይላል» የሚል ምክር ሰጥተውን ነበር። እኛም አመንን። የዚህን ምክር ሥር ያገኘሁት ብዙ ቆይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩ መምህራን ሚላን ከተማ ተሰብስበው፣ ልጆቹ በምልክት ሳይሆን በንግግር ይማሩ ብለው ወሰኑ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ልጆች በክፍል ውስጥ በእጃቸው እንዳያወሩ ተከለከሉ። ከወሳኞቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ። ያ ውሳኔ ከመቶ ዓመት በላይ ተጉዞ እኛ ቤት ገባ ማለት ነው።

ስለዚህ ከንፈራችንን እያየ እንዲረዳን ጠበቅን። እስቲ መስታወት ፊት ቁሙና ድምፅ ሳታወጡ «በላ» በሉ። ቀጥላችሁ «መላ» በሉ። ልዩነት አያችሁ? ወንድሜ ከጠዋት እስከ ማታ በእንደዚህ ዓይነት እንቆቅልሽ መሀል ነው ያደገው። ማዕድ ላይ ሁላችንም ስንስቅ ወደ እኔ ይዞርና በዓይኑ «ምንድን ነው?» ይለኛል። «ምንም አይደለም» እለዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ «በኋላ እነግርሃለሁ»። ያ «በኋላ» መጥቶ አያውቅም። እንደ ነገረኝ ከሆነ፣ ከሰው ከንፈር ላይ አንድም ቀን ሳይሳሳት የሚያነባት ነገር «ምንም አይደለም» ነበረች።

12 ዓመት ሲሞላው ወደ አንድ የፈውስ ጉባኤ ወሰድነው። አገልጋዩ ጣታቸውን ጆሮው ውስጥ አድርገው ጸለዩ። ሕዝቡ ጮኸ። ከዚያ «ትሰማለህ?» ብለው ጠየቁት። ወንድሜ ዙሪያውን አየ። እናታችንን አየ። ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ።

ቤት ስንገባ ከኋላው ጠራሁት። አልዞረም።

በማግስቱ አንድ ሰው ለእናቴ «እምነት ጎድሎት ይሆናል» አላት። ስለ 12 ዓመት ልጅ! ወንድሜ ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም አለ። እኔም «እምነት ከመስማት ነው» የሚለውን የሮሜ 10፥17 ቃል በሰማሁ ቁጥር ውስጤ ይረበሽ ነበር። ታዲያ ወንድሜ በምን ሊያምን ነው? ይህን ጥያቄ ለማንም አልጠየቅኩም።

በ13 ዓመቱ መስማት የተሳናቸው ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ የምልክት ቋንቋ ተማረ። ለእረፍት ሲመጣ እጆቹ ፈጥነው ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ ፊቱ ሁሉ ይበራል። እኛ ግን ያ የእነሱ ነገር ነው ብለን ተውነው። እኔ በመዘምራን ውስጥ አምስት ስድስት መዝሙር በሳምንት የማጠና ሰው ነኝ። አንድ ምልክት አላጠናሁም።

26 ዓመት ሲሞላው እናታችን ታመመች። ሐኪሞቹ ለእኛ ነገሩን። እኛ ተነጋገርን፤ ተላቀስን፤ በየተራ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥን። ለእሱ «ታማለች፤ ይሻላታል» ብለን ጻፍንለት። እንዲጨነቅ አልፈለግንም ነበር። አረፈች። ከቀብር በኋላ ወረቀት አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። እንዲህ ይላል፦ «እናንተ ለሳምንታት ተሰናበታችኋት። እኔ አልተሰናበትኳትም።»

በዚያው ሳምንት ከቤት ወጣ። መልእክት ስልክለት አይመልስም።

ሦስት ወር መጸለይ አቃተኝ። ስንበረከክ ወረቀቱ ይታየኛል። በመጨረሻ የወጣችኝ አንዲት ቃል ነች፦ «ጌታ ሆይ፣ ከወንድሜ ጋር አስታርቀኝ።» ስለ ጆሮው አልጠየቅኩም። ከ23 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በዚያ ሰሞን በጥናት ቡድናችን የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የእኔ ተራ ሆነ። ከቁጥር 31 እስከ 37 ያለውን ታሪክ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ለወንድሜ ስንጸልይ ስንት ጊዜ አንብበነዋል! ያን ሌሊት ግን በሌላ ዓይን አየሁት። መስማት የተሳነው ያ ሰው ራሱ ምን አየ?

መጀመሪያ ጌታ ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው። ለማይሰማ ሰው ሕዝብ ማለት የሚንቀሳቀስ አፍ ነው፤ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም። ጌታ ከዚያ ግርግር አወጣው። ከዚያ ጣቶቹን ጆሮው ውስጥ አገባ፤ ምላሱን ዳሰሰ። ምን ሊያደርግለት እንዳለ በእጁ እየነገረው ነው። ቀጥሎ ወደ ሰማይ አሻቅቦ አየ፤ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ አሳየው። ቃተተ፤ መቃተት ደግሞ በትከሻና በደረት ይታያል። «ኤፍታህ»፣ ማለትም «ተከፈት»፣ ያለው ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ነው። ጆሮው ሳይከፈት በፊት ጌታ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ አናገረው። እኛ ግን ጆሮው እስኪከፈት 23 ዓመት ጠበቅን።

መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ። በዚያው ሳምንት የምልክት ቋንቋ ትምህርት ተመዘገብኩ።

አስተማሪያችን ራሷ መስማት የተሳናት ነች። በመጀመሪያው ቀን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ድምፃችንን ከለከለችን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሌሎቹ ሲስቁ አያለሁ፤ ለምን እንደሚስቁ አልገባኝም። አጠገቤ ወዳለችው ልጅ ዞርኩና በዓይኔ «ምንድን ነው?» አልኳት። እጇን አወዛወዘችብኝ። ምንም አይደለም፣ ማለቷ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልኬን ፊት ለፊቴ አቁሜ በምልክት «ይቅርታ፣ ወንድሜ» ብዬ ቀርጬ ላክሁለት። አንድ ቀን ሙሉ ዝም አለ። ከዚያ ቪዲዮ መጣ። «እጅሽ ትንሽ ተሳስቷል። እንዲህ ነው» ብሎ ቀስ አድርጎ አሳየኝ። ሰባት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ወንድሜ በራሱ ቋንቋ ሲያናግረኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላረዝመውም፤ ተማርኩ፤ አረመኝ፤ ቤት መምጣት ጀመረ። ስምንተኛው ወር ላይ ግን አንድ ምሽት ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ጠየቀኝ። «የዚያን ቀን፣ በጉባኤው፣ ሰማ ብላችሁ አምናችሁ ነበር?»

«አዎ» አልኩት።

እጆቹ እየተንቀጠቀጡ ነገረኝ። ምን እንደ ተጠየቀ እንኳ አላወቀም ነበር። ሁሉም ሰው አንድ ነገር ከእሱ እየጠበቀ እንደሆነ ገባው። እማዬ ታለቅስ ነበር። እንድትደሰት ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ሲገባው ግን በእግዚአብሔር ቤት የዋሸ መሰለው። ጌታ በዚያ ምክንያት ተቆጥቶ ጆሮዬን ዘጋው ብሎ አሰበ። ለማን ይናገር? በቤታችን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለእማዬ ሊነግራት ይፈልግ ነበር፤ እሷም ሳይነግራት ሄደች። ይህን ሸክም 14 ዓመት ተሸክሞታል።

ዘሌዋውያን 19፥14 ላይ «ደንቆሮውን አትስደብ» የሚል ትእዛዝ አለ። ቃሉ የጥንቱ ትርጉም ቃል ነው፤ ዛሬ ሰውን እንዲህ አንጠራም። ማንም ሳይነካው በልቡ ራሱን ሲሰድብ የኖረው ግን ወንድሜ ራሱ ነበር። ስድቡን ያስተማርነው ደግሞ እኛ ነን። ያወቅኩትን ምልክት ሁሉ አሟጥጬ ነገርኩት፦ «ጌታ አልተቆጣህም። ልጅ ነበርክ። የተሳሳትነው እኛ ነን። ይቅር በለን።»

«እንጸልይ» አለኝ። ከልማድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጉልበቴን ነካ አደረገኝ። ዓይንሽን ከጨፈንሽ እንዴት ታዪኛለሽ? እናም ዓይናችንን ገልጠን፣ እየተያየን ጸለይን። እሱ በእጁ፣ እኔም በእጄ። ሲጨርስ ፊቱ እንደ 12 ዓመቱ ልጅ ሆነ፤ ጉባኤ ከመግባቱ በፊት እንደ ነበረው። የጸለይኩት እርቅ በዚያ ምሽት ተመለሰልኝ።

ጌታ ጆሮ አይከፍትም እያልኩ አይደለም። ይችላል፤ አምናለሁ። ወንድሜ ግን አንድ ነገር ለምኖኛል፦ «ስለ ጆሮዬ ከመጸለይሽ በፊት ጠይቂኝ።» ጌታም ዓይነ ስውሩን በርጤሜዎስን «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ብሎ ጠይቆታል። የሮሜውንም ቃል አብረን አነበብነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ስለ ኖረ ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ ስለሚባል ካህን ያወቅኩትም ከወንድሜ ነው። ካህኑ መስማት የተሳናቸው ሁለት እህትማማቾች አገኘ። እምነታቸውን ሳያውቁ እንዳይሞቱ ተጨነቀና፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚግባቡበትን ምልክት ራሱ ተምሮ በነጻ ትምህርት ቤት አስተማራቸው። «አየሽ፣ ቃሉ በዓይንም ይሰማል» አለኝ ወንድሜ።

አሁን እሁድ እሁድ ከፊት እንቀመጣለን። እኔ ወደ እሱ ዞሬ፣ መብራት ፊቴ ላይ እንዲያርፍ አድርጌ እተረጉማለሁ። ሌሎች ሦስት መስማት የተሳናቸው ሰዎችም መጥተው አጠገቡ ይቀመጣሉ። ገና ብዙ ቃል ይጠፋኛል፤ ያርሙኛል። ባለፈው እሁድ ሰባኪው ስለ ልጅነታቸው አንድ የሚያስቅ ነገር ተናገሩ። ሕዝቡ በሙሉ ሳቀ። እጄ እስኪደርስ ሁለት ሰከንድ ያህል አለፈ። ከዚያ ወንድሜ ሳቀ።