«ምንም»

ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ። የትልቋ ልጄ ክፍል መብራት አልጠፋም። ደብተሯ ፊቷ ተዘርግቷል፤ ዓይኗ ግን ግድግዳው ላይ ነው።

«ምን ሆንሽ የኔ ልጅ?»

«ምንም።»

ይቺን «ምንም» አውቃታለሁ። ሰሞኑን ያገኛት ሰው ሁሉ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው፤ «ስትጨርሺ ምን ልትሆኚ አሰብሽ?» አክስቷ ትጠይቃታለች፣ ጎረቤት ይጠይቃታል። እኔም ትናንት ብቻ ሁለቴ ጠይቄያታለሁ።

ተመልሼ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ቀኖቹን ቆጠርኩ። የልጅ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ሲዛባ፣ ጓደኛ ሲያስጠላው፣ ይህም 2 ሳምንት ሲዘልቅ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። እሷ ትበላለች። ከጓደኞቿም ጋር ትስቃለች። እንቅልፉ ነው የጎደላት። በዚህ ዕድሜ በየቀኑ ከ8 እስከ 10 ሰዓታት ያህል መተኛት ነበረባት። ቶሎ ተኚ ብላትም አይሆንላትም፤ በአፍላነት የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደ ማምሻው ይገፋል።

ደግሞ አርቆ የሚያቅደው፣ ግራና ቀኙን የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና እያደገ ነው። እኛ ግን በ17 ዓመቷ የዕድሜ ልኳን ቁርጥ አድርጋ እንድትነግረን እንፈልጋለን። ከበዳት። እንዴት አይከብዳት?

እኔም በእሷ ዕድሜ ሳለሁ «ሐኪም» እል ነበር። ሐኪም መሆን ፈልጌ አልነበረም። «ሐኪም» ስል ሰው ደስ ብሎት ዝም ስለሚል ነው። ውስጤ ግን እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ውጤቴ ባይመጣስ? ቢመጣስ? የሚገርመው፣ ሁለተኛው ይብስ ነበር። ቢመጣ መመለሻ የለኝም።

በዚያ ሁሉ መሀል አንዲት አስተማሪ ብቻ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። «ምን ስትሠሪ ነው ጊዜው ሳይታወቅሽ የሚነጉደው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እሷም አልተቻኮለችም፤ አጠገቤ ቁጭ ብላ ደብተር ታርም ጀመር። ያን ቀን ትከሻዬ ሲቀለኝ አስታውሳለሁ። ጥያቄው ይሁን አብራኝ መቀመጧ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። በኋላ መንገዴን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ሰማይ አልተደፋብኝም። ይህን ያኔ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።

ነገ ለልጄ ልነግራት አሰብኩ። የአስተማሪዋን ጥያቄም ልጠይቃት። ደግሞ ፈራሁ። እሱም እኮ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ደግሞ በዝቶባታል። ምንም ሳልል ሥራዬን ይዤ አጠገቧ ብቀመጥስ? ዝም ስላት፣ እናቴ ተስፋ ቆረጠችብኝ ትል ይሆን?