72 ደረጃ

ዛሬ የእማዬ ጄሶ ተፈታ። ስድስት ሳምንት ታስሮ የከረመው እጇ ከሌላኛው ጎን ሲቀመጥ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። ቀጥኗል፤ ቆዳው ደርቆ ይላላጣል። ታክሲ ውስጥ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘርግታ አየቻቸው። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ስንደርስ «እንግዲህ ቡና ላፈላ ነው» አለች። ይህቺን ቃል ከአፏ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ይህን ልጽፍ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው።

የወደቀችው ሳሎን ውስጥ ነው። ደረጃ ላይ ቢሆን ኖሮ አይገርመኝም ነበር። ምንጣፍ ጠለፋትና እጇን አስቀድማ ወደቀች፤ በቃ። ጎረቤቶች ወጌሻ ጋ እንውሰዳት አሉ፤ እሷም የመረጠችው ወጌሻውን ነበር። እኔ ግን አንጓዋ መጣመሙን በዓይኔ ስላየሁ ሆስፒታል ወሰድኳት። ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ ስብራቱን አሳየኝና «ይሄስ ይድናል። አጥንቱን ግን ተመልከቺው፣ ሳስቷል» አለኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «እማማ፣ ከቤት ይወጣሉ? ፀሐይ ያገኝዎታል? ምግብስ ይበላሉ?» እማዬ ዝም አለች። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኀዘን አለብዎት?» አላት። ያኔ ነው አንገቷን የደፋችው።

አባዬ ካረፈ 4 ዓመት ሆነው። ኮንዶሚኒየሙ የደረሰንም በዚያው ዓመት ነው፤ ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ። እማዬ ዕድሜዋን የኖረችው መሀል ከተማ፣ በሩን ከፈት ስታደርግ እድርተኛው፣ ጽዋ ማኅበሩና ጉሊቱ በሚገኝበት ግቢ ነው። እዚህ ሊፍት የለም። ከቤታችን እስከ ታች 72 ደረጃ አለ፤ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዤ ስለምወጣው ቁጥሩ አይጠፋኝም። መጀመሪያ ቅዳሴ ቀረች። ቀጥሎ ገበያ መውጣት ተወች። በመጨረሻ ረከቦቱ አልጋ ሥር ገባ። ምግብ ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ትገፋዋለች። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስታ መስኮቱ ሥር ቁጭ ትላለች።

ይህን ሁሉ አያለሁ። አይቼም «ኀዘን ነው» ብዬ አልፋለሁ። ባሏ የሞተባት፣ ሰፈሯ የፈረሰባት ሴት እንዴት አታዝንም? ምክንያት ያለው ነገር በሽታ አይመስለኝም ነበር። ድባቴ የሚባለው ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሰው «ምን ሆንክ» ሲባል መልስ የሚያጣበት ነገር ነው ብዬ አምን ነበር። የእማዬ መልስ ደግሞ ግድግዳው ላይ በፎቶ ተሰቅሏል። አጥንት ግን ያዘንሽው ለምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም።

ሥራዬ ባዮሎጂ ማስተማር ነው። አዋቂ ሰው 206 አጥንት አለው ብዬ ስንት ልጅ አስጽፌያለሁ። አጥንት እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ እንደኛ ሰፈር ነው፣ በአንድ ወገን ሲፈርስ በሌላ ወገን ይገነባል። ኦስቲዮክላስት የሚባሉት ሴሎች አሮጌውን ያፈርሳሉ፤ ኦስቲዮብላስቶች አዲሱን ይሠራሉ። በዚህ ሥራ የአዋቂ አጽም በ10 ዓመት ገደማ አብዛኛው ይታደሳል። እስከ 30 ዓመት አካባቢ ግንባታው ያይላል፤ ከዚያ በኋላ ማፍረሱ ቀስ እያለ ይበልጣል። ሴት የወር አበባዋ ሲቆም ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ መሳሳቱ ይፈጥናል። እማዬ 63 ዓመቷ ነው፤ ዕድሜው ብቻውን ይበቃት ነበር።

ድባቴ ሲጨመርበት በብዙ ሰው ላይ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ከፍ ይላል። ይህ ሆርሞን ሲበዛ ገንቢዎቹን ሴሎች ያዳክማል፤ አንጀት ከምግብ የሚወስደውን ካልሲየም ይቀንሳል፤ በሽንት የሚወጣውን ደግሞ ይጨምራል። አጥንት ውስጥም ነርቭ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አይጦችን ለሳምንታት አስጨንቀው ድባቴ የሚመስል ነገር ሲይዛቸው አጥንታቸውም ሲሳሳ አዩ። የድባቴ መድኃኒት ሲሰጧቸው ሁለቱም ተገታ። ከአንጎል ተነስቶ በነርቭ በኩል አጥንቱ ድረስ የሚደርሰውን የጭንቀት መልእክት በመድኃኒት ሲዘጉት ደግሞ የአጥንቱ መሳሳት ቆመ። በሰውም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ድባቴ ያለባቸው ወይም የነበረባቸው 24 ሴቶች ከሌሎች 24 ሴቶች ጋር ሲነጻጸሩ አጥንታቸው የሳሳ ሆኖ ተገኝቷል። አማካይ ዕድሜያቸው 41 ነበር። እርጅና ነው እንዳይባል ገና ናቸው።

ሁሉንም በኮርቲሶል ማሳበብ ግን ልክ አይደለም። ያዘነ ሰው አይበላም፣ አይንቀሳቀስም፣ ፀሐይ አያይም። አጥንት ጫና ሲያርፍበት ነው የሚጠነክረው። እኛ አገር ፀሐይ ሞልቶ ተርፏል፤ ቆዳ ላይ ካላረፈ ግን ቫይታሚን ዲ አይሆንም። መንገዱ የመልስ ጉዞም አለው። የተሰበረ ሰው ቤት ይውላል፤ ቤት የዋለ ሰው ይከፋዋል።

ፈላስፋው ዴካርት ነፍስና ሥጋ ለየቅል ናቸው ሲል የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. በ1643 ደብዳቤ ጽፋ ጠየቀችው፤ አካል የሌላት ነፍስ አካልን እንዴት ታንቀሳቅሳለች? አጥጋቢ መልስ የሰጣት አይመስለኝም። በአማርኛ አስቤ ስመለከተው እኛ መቼ ለያየናቸው? ሆዴ ባባ እንላለን። አንጀቴ ተላወሰ፣ ልቤ ተሰበረ፣ ነገሩ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ እንላለን። ይህን ሁሉ እየተናገርኩ አድጌ፣ የእናቴን ኀዘን ጭንቅላቷ ውስጥ ብቻ አስቀምጬው 4 ዓመት ኖርኩ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ስለ ኮርቲሶል ላስረዳት ስሞክር እማዬ አላስጨረሰችኝም። «ያዘነች ነፍስ አጥንትን ታደርቃለች ይላል እኮ መጽሐፈ ምሳሌ» አለችኝ። ታውቀው ነበር።

የአእምሮ ሐኪም ጋ እንሂድ ስላት ተቆጣች። «አበደች ልታስብዪኝ ነው?» ሁለት ሳምንት ለመንኳት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ወንበሯን አስጠግታ ስለ አባዬ ጠየቀቻት። እማዬ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች። መድኃኒት ስታዝላት ደግሞ ስለ አጥንቷ ነገርናት። አንዳንዶቹ የድባቴ መድኃኒቶች በትልልቅ ሰዎች ላይ ከስብራት ጋር አብረው መታየታቸውን አልደበቀችንም፤ ሳይታከሙ መቅረትም ጉዳት እንዳለው ነገረችንና የሚስማማትን መረጠችላት። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲም ታዘዘላት።

ዛሬ ከታክሲ ወርደን ደረጃውን ስንጀምር የተፈታውን እጇን መደገፊያው ላይ አሳረፈችው። በየፎቁ ቆመን አረፍን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቡና እየተቆላ ነው፤ ሽታው ኮሪደሩን ሞልቶታል። በሩ ገርበብ ብሏል። ጎረቤታችን ወጣ ብላ «እትዬ፣ እንኳን ማርያም ማረችዎት! ግቡ እንጂ፣ ቡና ደርሷል» አለች። ሰበብ ትፈልጋለች ብዬ ጠበቅሁ። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። ሁለተኛው ቡና ላይ ስንደርስ፣ ቶና ይባላል፣ ሲኒዋን በደካማው እጇ ለማንሳት ሞከረች። ተንቀጠቀጠ። በሌላኛው ደገፍ አድርጋ ጠጣችና ለጎረቤታችን «ባለቤቴ ያለ ጤና አዳም አይጠጣም ነበር» አለቻት።

ከቀብሩ በኋላ ለሰው ስለ እሱ ስታወራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።