«ሆድ ይፍጀው»ን በሥዕል፦ የስምንት ወር ልምዴ

የሰው ፊት መሣል ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ኪሎ እሄዳለሁ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ፊት ቆሜ በእርሳስ እገለብጣለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ቤት አክስቴን እሥላለሁ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስታለቅስ ያየኋት ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። በሰው ሐዘን አሳብባ የራሷን እንደምታለቅስ ይታወቀኛል። ቤት ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ቡና ታፈላለች። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት መልሷ «ሆድ ይፍጀው» ነው። መሣል የፈለግኩት ይሄን ነው።

መጀመሪያ ከንፈሯን በክር የተሰፋ አድርጌ ሣልኩት። አብራኝ የምትማር ልጅ አየችውና «ይሄ ፖስተር እንጂ ሰው አይደለም» አለችኝ። ልክ ነበረች። የአክስቴ አፍ አልተሰፋም። ትስቃለች፣ ትጫወታለች፣ እንግዳ ትቀበላለች። የማታወራው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ሁለተኛውን በጎን ሣልኩት፤ አንድ ዓይኗ ብቻ ይታያል። ግማሹን ደብቃለች ለማለት ነበር። አክስቴ ስታየው ክው አለች። «ምን በደልኩሽና ሰይጣን አደረግሽኝ?» በድሮ ሥዕሎቻችን ቅዱሳኑ በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ነው የሚሣሉት። ስንት ቅዳሜ ስገለብጠው ኖሬ ለራሴ ሥዕል ሲሆን ረሳሁት! ምልክት የምትመርጡ ሰዎች፣ እባካችሁ የምትሥሉት ሰው እንዴት እንደሚያነበው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መላው የመጣልኝ ከሜክሲኮዋ ሠዓሊ ከፍሪዳ ካህሎ ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. በሣለችው «የተሰበረው ዓምድ» ጉንጯ ላይ እንባ አለ፤ ፊቷ ግን አልተጨማደደም። ሥቃዩ ጎልቶ የሚታየው ከአንገቷ በታች ነው። አካሏ ተከፍቶ በአከርካሪዋ ቦታ የተሰነጣጠቀ ዓምድ ይታያል። ያኔ ገባኝ። እኛ «ሆድ ባሰኝ»፣ «አንጀቴ አረረ» እንላለን። እኔ ግን ሥዕሉን ትከሻ ላይ እቆርጠው ነበር!

በሦስተኛው ሸራ እስከ ወገቧ ወረድኩ። ፊቷ ረጋ ያለ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቿ እኛን ያያሉ። በሆዷ ቦታ አፉ በውታፍ የተደፈነ ጀበና፣ ከሥሩ ፍም፣ ከላይ ነጠላ። ነጠላው ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ነጩን አክሪሊክ ቀለም ሳወፍረው ፍሙ ጠፋ። ስተወው ደግሞ ሁሉም ነገር ገሃድ ወጣ፤ የተደበቀ ነገር አልቀረም። በመጨረሻ ነጩን በብዙ ውሃ አቅጥኜ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየደረብኩ ስድስት ጊዜ ቀባሁት። አሁን ፍሙ በነጠላው ውስጥ ደብዘዝ ብሎ ይታያል።

አክስቴ ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ሰይጣን አላለችም። «ውታፉን ትንሽ ላላ አድርጊለት» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

እሁድ እሱን አስተካክላለሁ። እጆቿም ገና ናቸው፤ ጣት መሣል የሚሆንላችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ።