ሦስት ሻማ፣ አንድ ቀዳዳ

ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ በእጅ ባትሪ ስናመሽ የእህቴ ልጅ ባትሪዋን በእኔ ባትሪ ላይ ደቀነች። «አጎቴ፣ የእኔ ብርሃን የአንተን ገጭቶ ይመልሰዋል?» አለችኝ። «ብርሃንና ብርሃን አይጋጩም» ብያት ወደ ስልኬ ተመለስኩ።

እሷ ግን በቃል ብቻ የምትረካ ልጅ አይደለችም። የባስራው ሊቅ ኢብን አል ሃይሰም ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ያደረገው ሙከራ ትዝ አለኝ። የጫማ ካርቶን ቆርጬ በቀጭን ምስማር በሳሁት፤ ሦስት ሻማ በተርታ አቁመን ካርቶኑን በሻማዎቹና በግድግዳው መካከል ያዝኩት። ግድግዳው ላይ ሦስት ደብዛዛ ነበልባሎች ተዘቅዝቀው ታዩ። በግራ ያለውን ሻማ በእጇ ስትጋርድ በቀኝ ያለው ምስል ጠፋ፤ ሁለቱ ንቅንቅ አላሉም። ጋረደች፣ ገለጠች፣ እንደገና ጋረደች። የሦስቱም ብርሃን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ተጋፍቶ ሲያልፍ አንዱ የሌላውን መንገድ አላሳተም። መስተዋት ብርሃንን የሚመልሰው በውስጡ ያሉ ኤሌክትሮኖች በብርሃኑ ስለሚናወጡ ነው። ብርሃን ራሱ ግን የኤሌክትሪክ ቻርጅ የለውም፤ ሌላው ብርሃን ምኑን ይዞ ይገፋዋል?

ልጅቷ ከተኛች በኋላ ነው «አይጋጩም» ያልኩት ቃል የቆረቆረኝ። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሃይዘንበርግና ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1936 ብርሃን ብርሃንን እጅግ አልፎ አልፎ ከመንገዱ ሊያስወጣው እንደሚችል በስሌት አሳይተዋል። በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል በሴርን የሚገኘው የአትላስ ተመራማሪዎች ቡድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንኑ በዓይን የማየት ያህል አረጋገጠ። የእርሳስ አቶም አስኳሎች በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ እየበረሩ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ሲተላለፉ፣ የተሸከሙት ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ እንደ ብርሃን ሆኖ ይጋጫል፤ ሁለት ፎቶኖችም፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶች፣ አቅጣጫ ቀይረው ይወጣሉ። ያ ሁሉ ግዙፍ ማሽን ሠርቶ የተገኘው 59 ክስተት ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ 12 ያህሉ በሌላ ምክንያት የሚመጣ እንደሚሆን አስቀድሞ ተገምቶ ነበር። ይህን ያህል ብርቅ ነገር ስለሆነ መልሴን ውሸት ለማለት አልደፍርም። እውነት ነው ለማለትም እንዲሁ።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ ነገርኳት። «ታዲያ የእኔ ባትሪ ይችላል ማለት ነው?»

«የአንቺ አይችልም።»

ለማንኛውም ብላ ባትሪዋን አምጥታ ደቀነችብኝ። የጠዋት ፀሐይ ቤቱ ውስጥ ገብታ ስለነበር ብርሃኗ ግድግዳው ላይ እንኳ አልታየም።